የጓሮ አትክልትና ኮምፖስት በባሕር ዳር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በባሕር ዳር ከተማና በጣና ዙሪያ ባሉ መንደሮች ጥቂት ካሬ ሜትር ጓሮ ይዘው ጎመን፣ ቆስጣና ቃሪያ ማብቀል የሚጀምሩ ሰዎች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከዓመት ዓመት ብዙም አይለያዩም። እዚህ የቀረቡት መልሶች የፋብሪካ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ሳይገዙ በእጅ ባለው ነገር፣ ማለትም በፍግ፣ በቅጠል፣ በጭድና በአመድ መሥራት ለሚፈልጉ ሰዎች የታሰቡ ናቸው። በዚህ አካባቢ የጓሮ ሥራ ሁሉ የሚመራው በዝናቡ ስለሆነ ወራቱን ደጋግሜ ማንሳቴ አይቀርም።

ኮምፖስት ማዘጋጀት የምጀምረው መቼ ነው?

መስከረም ላይ ነው። ብዙ ሰው ኮምፖስት ትዝ የሚለው ችግኝ ሊተክል ሲል ነው፤ በደንብ የተሠራ ኮምፖስት ግን ከ3 እስከ 4 ወር ስለሚፈልግ ያን ጊዜ ነገሩ ዘግይቷል። ከተማዋ በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ የምታገኝ ሲሆን አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ስለዚህ መስከረም ሲገባ ግቢው፣ የመንገዱ ዳርና የአጥሩ ሥር በለምለም አረም ተሞልቶ ይገኛል፤ አረሙ ብዙው ገና ዘር አልያዘም፣ አፈሩ እርጥብ ስለሆነ ውኃ መሸከም አያስፈልግም፣ ዝናቡም ክምሩን እስኪያጥበው ድረስ አይበረታም። በመስከረም አጋማሽ የተከመረ ኮምፖስት ጥር ላይ ይደርሳል፤ ያኔ መደብ ውስጥ ገብቶ ቆስጣና ሰላጣ ቢዘራበት 55 ቀን የሚዘልቀው ዐቢይ ጾም ሳይፈታ ከጓሮ እየተቀነጠበ ይበላል። በጾም ወራት አትክልት ምን ያህል እንደሚፈለግ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል።

እኔ ይህን የተማርኩት አበላሽቼ ነው። የመጀመሪያውን ጉድጓድ የቆፈርኩት በሐምሌ መጀመሪያ ነበር። በሳምንቱ ጉድጓዱ ኩሬ ሆነ፣ ቅጠሉ ከላይ ተንሳፈፈ፣ ሽታው አጥር ተሻግሮ ጎረቤቶቼ «ምን ሞቶባችሁ ነው?» እያሉ መጠየቅ ጀመሩ። ውኃ የሞላበት ጉድጓድ አየር አያገኝም፤ አየር ያጣ ነገር ደግሞ በወጉ ከመብላላት ይልቅ ይከረፋል።

ጉድጓድ ይሻላል ወይስ ክምር?

በበጋ ጉድጓድ፣ በክረምት ክምር። ጉድጓድ እርጥበት ስለሚይዝ በደረቁ ወራት ውኃ ይቆጥባል፤ ጥልቀቱ ከ1 ሜትር ባይበልጥ መልካም ነው። ለሐይቁ በጣም በቀረቡ ሰፈሮች ጥቂት ሲቆፈር ውኃ ስለሚወጣ በማንኛውም ወቅት ከመሬት በላይ መከመር ይመረጣል። ቦታው የዛፍ ጥላ ያለው ይሁን።

ምኑ በምን ላይ ይነባበራል?

ከሁሉም ሥር አየር እንዲገባ የበቆሎ አገዳ ወይም ጭራሮ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይነጠፋል። በዚያ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር የጤፍ ወይም የዳጉሳ ጭድ፣ ደረቅ ቅጠል ወይም ድርቆሽ፣ ቀጥሎ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አረንጓዴ አረምና የአትክልት ትርፍራፊ፣ ከዚያም 3 እና 4 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ፍግ ወይም በውኃ የቀጠነ እበት ይከተላል። በመጨረሻ አፈር በስሱ ይበተንበታል፤ አፈሩ የሚጨመረው ቁልልን ለማወፈር ሳይሆን የሚያብላሉትን ጥቃቅን ነፍሳት ይዞ ስለሚገባ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ቁልሉ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር እስኪደርስ ይደጋገማል።

ደረቁ ነገር ለነፍሳቱ ካርቦን፣ አረንጓዴውና ፍጉ ደግሞ ናይትሮጅን ይሰጣሉ፤ ካርቦኑ ከናይትሮጅኑ ከ25 እስከ 30 እጥፍ ሲሆን መብላላቱ ይፈጥናል። ይህን ማንም በጓሮው አይለካውም፤ በዓይን ግምት ደረቁ የአረንጓዴው እጥፍ ገደማ ይሁን። ጭዱ ከመነጠፉ በፊት መራስ አለበት፤ ደረቅ ጭድ ክምር ውስጥ ከገባ በኋላ ከላይ የሚፈስስበት ውኃ ዳር ዳሩን ይወርዳል እንጂ ውስጡ አይገባም። አንድ እፍኝ ወስደው ሲጨምቁት በጣቶችዎ መካከል ሁለት ሦስት ጠብታ ብቻ ከታየ እርጥበቱ ልክ ነው፤ ከፈሰሰ በዝቷል። ሲጠናቀቅ ክምሩ በሙዝ ቅጠል ይሸፈናል፣ ወይም በጭቃና በእበት ይመረጋል።

እየተብላላ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በእንጨት ነው። ክምሩ ሲሠራ ክንድ የሚያህል ሳይሆን ከአናቱ እስከ ሥሩ የሚደርስ ረጅም እንጨት በመካከሉ ይተከላል። ከአምስት ቀን በኋላ ይንቀሉትና ከታች የነበረውን ጫፍ ወዲያው በእጅዎ ይያዙ። ሞቃትና እርጥብ ከሆነ ሥራው እየሄደ ነው። ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውኃ ጠምቶታል፤ ቀዝቃዛ፣ ረጥቦ የሚከረፋ ከሆነ አየር አጥቷልና በደረቅ ጭድ ይገላበጥ። የክምሩ ውስጥ ሙቀት ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ለተወሰኑ ቀናት ከቆየ አብዛኛውን የአረም ዘርና በሽታ አምጪ ተሕዋስ ይገድላል፤ ጠርዙ ግን ያን ያህል ስለማይሞቅ በ3 ሳምንት የዳሩ ወደ መካከል፣ የመካከሉ ወደ ዳር እየሆነ መገልበጥ አለበት። ከሌላ 3 ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ቢደገም ይበቃል።

የደረሰ ኮምፖስት ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፤ ጭዱን ከቅጠሉ መለየት አይቻልም፤ ሽታውም የመጀመሪያው ዝናብ ያረጠበው አፈር ሽታ ነው። ከተጠራጠሩ በጣሳ ሞልተው ጥቂት የጎመን ዘር ይዝሩበት። ጎመን በ5 ቀን ውስጥ ብቅ ስለሚል፣ ካልበቀለ ወይም ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ከወጣ ኮምፖስቱ ገና ጥሬ ነው ማለት ነው።

ከማድ ቤት የሚወጣው ሁሉ ይገባል?

የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የተደቆሰ የእንቁላል ቅርፊትና የቡና አተላ ይገባሉ። ሥጋ፣ አጥንት፣ ቅባትና የዓሣ ሆድ ዕቃ አይጥና ውሻ ስለሚጠሩ ይቅሩ። የጠላ አተላም በክምር ውስጥ ከመድፋት ከብት ላለው ጎረቤት መስጠት ይሻላል፤ ለከብቱ መኖ ነው፣ ለእርስዎም ዞሮ ፍግ ሆኖ ይመጣል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ስላለው መብላላትን ያጓትታል።

ገራባ ብዙ ያከራክራል። በባሕር ዳር በነጻ የሚገኝ፣ አረንጓዴና ለስላሳ ነገር ስለሆነ ሰው ይጎመጅበታል፤ ነገር ግን ጫት ላይ ኬሚካል መርጨት የተለመደ በመሆኑ እኔ ለሚበላ አትክልት በሚሆን ኮምፖስት ውስጥ አልጨምረውም። ለአበባ ግን ይሆናል።

አመድ ፖታሺየምና ካልሲየም ስላለው ይጠቅማል፤ መጠኑ ግን በየንብርብሩ ከእፍኝ አይለፍ። በትኩስ እበት ላይ በብዛት የተደፋ አመድ ናይትሮጅኑን አሞኒያ አድርጎ ወደ አየር ይሰደዋል፤ ዓይን የሚያቃጥለው ሽታ ይኸው ነው። ፌስታልና ላስቲክ የተቃጠለበት አመድ ጨርሶ አይግባ።

እምቦጭን ለኮምፖስት መጠቀም ይቻላል?

ይቻላል፤ ሆኖም ከሌላው አረም የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። እምቦጭ ትውልዱ ደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞን ተፋሰስ ሲሆን በጣና ላይ መከሰቱ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ምቹ ሁኔታ ሲያገኝ በሁለት ሳምንት ገደማ ራሱን እጥፍ ያደርጋል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል።

በመጀመሪያ፣ ከክብደቱ ከ90 በመቶ በላይ ውኃ ነው። አንድ ጋሪ ሙሉ ተጭኖ የመጣ እምቦጭ ፀሐይ ላይ ሲሰነብት አንድ ኩንታል የማይሞላ ነገር ሆኖ ሲቀር አይቼ ለጋሪ የከፈልኩት ገንዘብ ቆጭቶኛል። በእርጥቡ ከተከመረ ደግሞ ክምሩን ያጨቀየዋል። ስለዚህ እዚያው ዳርቻው ላይ፣ ማዕበል በማይደርስበት ቦታ ለበርካታ ቀናት ጠውልጎ፣ ከዚያ ተከታትፎ ከጭድ ጋር ቢደባለቅ ይሻላል። ሁለተኛ፣ ወይን ጠጅ አበባው ከመውጣቱ በፊት ይሰብሰብ። አብቦ የከረመ ከሆነ ክምሩ በደንብ መሞቁን ሳያረጋግጡ ለመደብ አይጠቀሙበት። ሦስተኛ፣ የእምቦጭ ሥር ከባድ ብረታ ብረትን ከውኃ እየሳበ ያከማቻል፤ የከተማ ፍሳሽ ከሚገባበት አቅጣጫ የተሰበሰበው ለሚበላ አትክልት አይሁን። አራተኛውን ሰዎች ችላ ይሉታል፦ ሕይወት ያለውን እምቦጭ ኩሬ፣ ምንጭ ወይም የመስኖ ቦይ ባለበት አካባቢ ማጓጓዝ አረሙን በገዛ እጅ መዝራት ነው፤ ከጋሪ የወደቀች አንዲት ቁራጭ ሥር ካላት ትበቃለች።

በእጅ ሲነቅሉ ለዋሉት የዳርቻው ገበሬዎች አክብሮት አለኝ፤ የጓሮ ኮምፖስት ጣናን ከእምቦጭ ያጸዳዋል የሚለውን ግን አላምንበትም። ለጓሮ ባለቤት እምቦጭ አንድ ተጨማሪ ግብዓት ነው፣ ከዚያ አያልፍም።

ከብት የለኝም፤ ፍግ ከየት አገኛለሁ?

በከተማው ውስጥና ዳር የወተት ላም የሚያረቡ ሰዎች በኩንታል ይሸጣሉ፣ አንዳንዶቹም ቦታ ስለሚይዝባቸው ያለ ዋጋ ይሰጣሉ። በገጠር ግን ፍግ ብርቅ ነው፤ ምክንያቱም ማገዶ ሲጠፋ እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ይገባል። በየገበሬው ቤት ዙሪያ ያለው በቆሎ ከእርሻው በቆሎ ይልቅ ወፍሮ የሚታየው አመዱ፣ ጥራጊውና የበረቱ እዳሪ ሁሉ የሚደፋው እዚያው ጓሮ ስለሆነ ነው።

ትኩስ እበት ወይም የዶሮ ኩስ በችግኝ ሥር በቀጥታ አይደረግም፤ ያቃጥላል። ለፈጣን ጥቅም ግን በጆንያ የታሰረ እበት በበርሜል ውኃ ውስጥ ለሁለት ሳምንት ተዘፍዝፎ፣ ፈሳሹ የቀጠነ ሻይ እስኪመስል በውኃ ተበርዞ ሥር ሥሩን ቢጠጣ ጎመንና ቆስጣ በሳምንት ውስጥ ቀለማቸው ይለወጣል። ጥሬ ለሚበላ ሰላጣ አላደርገውም።

ኅዳር 12 ቅጠሉን ማቃጠል ልማዳችን ነው፤ ይህስ?

ኅዳር ሲታጠን በኅዳር 1911 ዓ.ም. በኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ያለቀውን ሕዝብ ያስታውሳል፤ ልማዱን የሚነካ ነገር ለመናገር አልደፍርም። ለጭሱ ግን አንድ እፍኝ ቆሻሻ ይበቃል። የተቀረው ደረቅ ቅጠል በጆንያ ቢቀመጥ ለቀጣዩ ክምር ደረቁን ንብርብር ይሆናል፤ በአዲሱ ዓመት መግቢያ ደረቅ ነገር ከየት ይምጣ የሚለውም ጥያቄ መልስ ያገኛል።

አፈሬ ጥቁር ነው፤ ክረምት ላይ ሁሉም ነገር ይሞትብኛል።

ዋልካ አፈር ውኃ ይዞ አይለቅም፣ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል። መደቡን ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ይሥሩ፣ በመደቦቹ መካከል ውኃ መውረጃ ይተዉ፤ ቃሪያና በርበሬ በተለይ ሥራቸው ስለሚበሰብስ ከፍ ካለ መደብ ውጭ አይሞከሩ። ቀዩ አፈር ውኃውን በቀላሉ ያሳልፋል፣ ነገር ግን ኮምፖስት በየዓመቱ ይፈልጋል። ለሁለቱም በካሬ ሜትር ከ3 እስከ 5 ኪሎ ግራም የደረሰ ኮምፖስት ከላይኛው 15 ሴንቲ ሜትር አፈር ጋር ይቀላቀል።

የምኖረው በኪራይ ቤት ነው፤ ጓሮ የለኝም።

ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ይበቃዎታል። አንድ እጅ ኮምፖስትና ሁለት እጅ አፈር ቀላቅለው ይሙሉት፤ በመካከሉ ከሥር እስከ አናት የጠጠር ዓምድ ቢኖረው ውኃው እስከ ታች ይደርሳል። ጎኑን በቢላዋ ቀደድ ቀደድ አድርገው ቆስጣ ይትከሉበት፤ ቤት ሲቀይሩ ይዘውት ይሄዳሉ።

በበጋ ውኃ እየጠፋ እንዴት ልዝለቅ?

ከውኃ በፊት ጉዝጓዝ። በመደቡ ላይ አራት ጣት ያህል ጭድ ወይም ደረቅ ሣር ሲጎዘጎዝ ፀሐዩ አፈሩን አይመታውም፣ ውኃውም አይተንም። ዘጌ ላይ ቡናው ሥር የወደቀውን ቅጠል ገለጥ አድርገው ያዩ ሰዎች ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባቸዋል፤ አፈሩ በመጋቢት ሙቀት እንኳ ለእጅ ቀዝቀዝ ይላል። ጉዝጓዙ ግንዱን አይንካ፣ ምስጥ ባለበት ግቢ ደግሞ ሳሳ ይበል።

የሚጠጣው ማለዳ ወይም ምሽት ላይ ይሁን። ለቲማቲምና ለቃሪያ ክዳኑ በመርፌ የተበሳ ሃይላንድ ውኃ ተሞልቶ በግንዱ አጠገብ ቢደፋ ጠብ እያለ ይውላል። ከከተማው ቦይ የሚቀዳ ውኃ ግን የወስፋትና የጃርዲያ መንገድ ስለሆነ ጥሬ ለሚበላ አትክልት ፈጽሞ አይሁን።

ተባይን ያለ ኬሚካል እንዴት እከላከላለሁ?

ቅጠሉን ገልብጦ ማየት የመጀመሪያው መድኃኒት ነው። ክሽክሽ ከጎመን ቅጠል ጀርባ ተሰብስቦ ስለሚጀምር በመጀመሪያው ሳምንት ቅጠሉን ቆርጦ ማስወገድ ወይም በሳሙና ውኃ ማጠብ ይበቃል። ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ተወቅጦ፣ አድሮ፣ ተጠልሎና ጥቂት ሳሙና ተጨምሮበት ሲረጭ ለስላሳ ገላ ባላቸው ተባዮች ላይ ይሠራል፤ ዝናብ ሲያጥበው ግን ድካሙ ከንቱ ነው። ችግኝ ሌሊት ከአንገቱ ተቆርጦ ከተገኘ ቆራጭ ትል ነው፤ ጠዋት ሥሩን በጣት ጫር ቢያደርጉት ተጠቅልሎ ያገኙታል። በግንዱ ዙሪያ የተነሰነሰ ደረቅ አመድ መንገዱን ይዘጋበታል።

ብርብራና እንዶድም ይጠየቃሉ። ሁለቱም መርዛቸው እውነተኛ ነው፦ የብርብራ ፍሬ በዚህ አካባቢ ዓሣ ለማደንዘዝ ሲያገለግል የኖረ ነው፤ እንዶድም ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ አይተው ለዓለም አሳውቀዋል። ዓሣንም ይገድላሉ። ጓሮዎ ወደ ሐይቁ ወይም ወደ ዓባይ የሚወርድ ከሆነ ሁለቱንም ይተዉአቸው።

ቲማቲሜ በነሐሴ ለምን ጠቁሮ ይሞታል?

ምች ነው። በዝናብና በደመና ቀናት ከቅጠል ወደ ቅጠል የሚሄድ በሽታ ስለሆነ በጓሮ ደረጃ ከመዋጋት መሸሽ ይቀላል፦ ችግኙን መስከረም መጨረሻ ላይ አዛውረው፣ በድጋፍ አቁመው፣ ቅጠሉን ሳያረጥቡ ያሳድጉ። የታመመው ተክል ኮምፖስት ውስጥ አይግባ።

ዩሪያና ዳፕን ሙሉ በሙሉ መተው እችላለሁ?

ለጓሮ፣ አዎን። ልዩነቱን ግን ይወቁ፤ ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ሲሆን ኮምፖስት ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው፤ እሱንም ቀስ እያለ ይሰጣል። ስለዚህ በአንድ ጭብጥ ፈንታ በቅርጫት ማሰብ ያስፈልጋል። በምትኩ የአፈሩ ውኃ የመያዝ አቅም ይጨምራል፣ የዘንድሮው ኮምፖስት ለከርሞም ይተርፋል። ለሰፊ የእህል ማሳ ያን ሁሉ ኮምፖስት ማን ይሸከመዋል የሚለው ሌላ ክርክር ነው።

ዘር በየዓመቱ መግዛት አለብኝ?

ለሐበሻ ጎመን አያስፈልግም። ከመደቡ ጠንካራውን አምስት ስድስት እግር ሳይቀነጥቡ ይተዉት፤ ቆባው ቢጫ ሲሆን ቆርጠው በጥላ ያድርቁት። እናቶች ዘሩን ከአመድ ጋር አሽተው በቅል የሚያስቀምጡት ነቀዝ እንዳይደፍረው ነው። ከሱቅ የተገዛ ዲቃላ ቲማቲም ወይም ጥቅል ጎመን ግን ዘሩ እናቱን አይመስልም።

ጓሮዬ ከዓባይ ዳር ነው፤ ጉማሬ እየገባ ያጠፋብኛል።

ጉማሬ የሚወጣው ሲመሽ ነው፤ ሣር ፍለጋ ወጥቶ ጎመን ካገኘ አይመርጥም። መዝለል ስለማይችል ከጉልበት ከፍ ያለ የድንጋይ ካብ፣ ከበስተውጭ እሾህ ታክሎበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ይመልሰዋል። በባትሪ እየወጡ ለማባረር ግን አይሞክሩ፤ ጎመን ዳግም ይተከላል።